«ይድገሙት»

የዛሬ ዓመት በፍልሰታ ጾም ሰቆጣ ሄጄ ለንስሐ አባቴ ኃጢአቴን ስዘረዝር፣ ከተለመዱት መካከል አንድ ያልተለመደ ጨመርኩ። «አባቴ፣ ለ11 ዓመት የፊልም ሂስ ጽፌያለሁ» አልኳቸው። መቋሚያቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩና «ማየቱ ነው የከበደህ ወይስ መጻፉ?» አሉኝ። መጻፉ እንደሆነ ነገርኳቸው። «ማንን በደልክ?» አሉ። «የሆሊዉድ ሰዎችን» አልኩ። አባ ሳቅ የሚቀድማቸው ሰው አይደሉም፤ ያን ቀን ግን ሳቁ። «እነሱማ አልሰሙህም። የሰማህን ሰው ፈልግ።»

ስለዚህ ይሄ ሁለተኛው ኑዛዜዬ ነው። ክፍል ሁለት ከክፍል አንድ ተሽሎ አያውቅም እያልኩ ስጽፍ የኖርኩ ሰው፣ ራሴ ክፍል ሁለት ይዤ መምጣቴ የቅጣቴ መጀመሪያ ይሁንልኝ።

ፊልም ያወቅሁት ሰቆጣ ውስጥ፣ በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ በአንድ ቪዲዮ ቤት ነው። የጭቃ ቤት ነበር፤ መስኮቱ በብርድ ልብስ የተጋረደ፣ አግዳሚው ካልተላጠ ባሕር ዛፍ የተሠራ። ጄኔሬተሩ ከጓሮ ይጮኻል። በገበያ ቀን ፍየሉን ሸጦ፣ ማሩን አስመዝኖ የጨረሰ የገጠር ሰው ዱላውን በር ላይ አስቀምጦ ይገባል። ባለቤቱ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆሞ ይተረጉማል፤ ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በአካባቢያችን ቋንቋ በኽምጠኛ። የእንግሊዝኛ እውቀቱ ብዙ አልነበረም። ያላወቀውን ይፈጥራል። እኛም አንድ ነገር ብቻ ነው የምንጠይቀው፤ አክተሩ የትኛው ነው፣ ቦሱ የትኛው ነው? አክተሩ እንደማይሞት እናውቃለን። ቦሱ መጨረሻ ላይ እንደሚሞት እናውቃለን። በመካከል ያለውን ለማየት ነው ሃምሳ ሳንቲም የምንከፍለው።

አንድ ቀን «ቶታል ሪኮል» መጣ፤ ፖል ቨርሆቨን እ.ኤ.አ. በ1990 የሠራው፣ አርኖልድ ሽዋርዜኔገር ያለበት። ነገሩ ማርስ ላይ ነው። እዚያ ሰው የሚተነፍሰው አየር በአንድ ሹም እጅ ነው፤ ሲቆጣ የአንድን ሰፈር የአየር ማራገቢያ ያጠፋና ሕዝቡን ያፍናል። ተርጓሚያችን «ቦሱ አየሩን ቆለፈባቸው!» ብሎ ጮኸ። ከኋላዬ የተቀመጠ አንድ ፍየል ሻጭ ረጋ ብሎ «አሃ፣ የጉድጓዱን ቁልፍ የያዘው ሰውዬ ነዋ» አለ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። በሰዓት ተከፍቶ በሰዓት የሚቆለፍ የውሃ ጉድጓድ፣ ቁልፉን በአንገቱ ያሰረ ሰው፣ ጀሪካን ይዞ የተሰለፈ ሕዝብ፤ ይሄን የማያውቅ በዚያ ክፍል አልነበረም። በሕይወቴ የሰማሁት የመጀመሪያው የፊልም ሂስ ያ ነው። በ11 ዓመት ውስጥ ከዚያ የተሻለ እኔ አልጻፍኩም።

አዲስ አበባ ገብቼ፣ ተምሬ፣ በ1999 ዓ.ም. በአንድ መጽሔት ላይ የፊልም ዓምድ ተሰጠኝ። ሥራዬ ብዙ ገንዘብ የፈሰሰባቸውን የሆሊዉድ ፊልሞች፣ በተለይም ኮሜዲዎችን፣ ተከታይ ክፍሎችንና እንደገና የተሠሩ የሳይንስ ልብወለድ ፊልሞችን መገምገም ነበር። ግምገማ ልበለው እንጂ ስድብ ነው። አሠራሬን ልናገር። በመጀመሪያ ኢንተርኔት ቤት ገብቼ የፈረንጅ ሃያሲያን ምን እንዳሉ አነባለሁ። ቀጥሎ ሲዲ ቤት ሄጄ የተባዛውን ዲቪዲ እገዛለሁ፤ አንዳንዱ ሲኒማ ቤት ውስጥ በድብቅ የተቀረፀ ስለሆነ ከፊት የተቀመጠ ሰው ጭንቅላት ይታይበታል። ከዚያ ፍርዴን ይዤ ፊልሙን አያለሁ። ብዙ ጊዜ እስከ መጨረሻው አላይም። በተሰረቀ ዕቃ ጥራት የሚያማርር ሌባ ካያችሁ እኔ ነኝ።

ግን ይሄ ከኃጢአቶቼ ትንሹ ነው። ከከበዱት የመጀመሪያው ከራሴ አፍ የወጣውን ሳቅ መካዴ ነው።

በነሐሴ 2000 ዓ.ም. ለሻደይ በዓል ሰቆጣ ስገባ «ኢቫን ኦልማይቲ» የተባለውን ፊልም ይዤ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 ጂም ኬሪ የተወነበት «ብሩስ ኦልማይቲ» ዓለምን አስቆ ከ480 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰብስቧል። አዘጋጁ ቶም ሻድያክ በ2007 ተከታዩን ሲሠራ ጂም ኬሪ አልነበረም፤ በቦታው ስቲቭ ካረል ገባ። ወጪው 175 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ደረሰ፤ በጊዜው እንዲህ ያለ ገንዘብ የወጣበት ኮሜዲ አልነበረም። ሲኒማ ቤቶች የሰበሰቡት ደግሞ ከዚያው ከወጪው ያልዘለለ ሆነ። ታሪኩ የኖኅ ነው። አዲስ የተመረጠ የአሜሪካ እንደራሴ ከእግዚአብሔር «መርከብ ሥራ» ተብሎ ይታዘዛል። ጢሙ ቢላጭም ይበቅላል፤ እንስሳት ጥንድ ጥንድ ሆነው ይከተሉታል፤ ወፎች ልብሱ ላይ ይጥሉበታል።

እናቴ፣ አክስቴና እኔ አየነው። ሞርጋን ፍሪማን ነጭ ልብስ ለብሶ እግዚአብሔር ሆኖ ሲመጣ እናቴ አማተበች። ትንሽ ቆይታ ግን ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፤ በወፎቹ ላይ እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ። መጨረሻ ላይ ጎርፉ መጣ። ስክሪኑ ሙሉ ውሃ ሆነ። አክስቴ «ይሄን ሁሉ ውሃ ከየት አመጡት?» አለች። ከሰማይ እንዳልወረደ፣ ግድብ ተደርምሶ እንደሆነ ነገርኳት። እናቴ ቀበል አድርጋ «ግድቡን ማን ሠራው?» አለች። ለጥቅሙ ሲል አሠራሩን ያበላሸ ባለሥልጣን እንደሆነ አስረዳኋት። ጥቂት አሰበችና «ታዲያ ሁለት ሰዓት ሙሉ በኖኅ የሚያስቁን ለምንድን ነው? በሰውየው አያስቁንም?» አለች።

የፊልሙ ሕመም ይሄ ነበር። 175 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበት ሳቁ የተላከው ወደ ተሳሳተ ሰው ነው። ፊልሙ የእንደራሴውን ጢም ሲላጭ፣ ሲያበቅል ጊዜውን ጨረሰ፤ ግድቡን የዘረፈውን ሰው መጨረሻ ላይ በችኮላ አሳየን። እናቴ ይሄን በአንድ ጥያቄ ጨርሳው ሳለ፣ እኔ አዲስ አበባ ተመልሼ «አንዴም የማያስቅ፣ ገንዘቡን ጎርፍ የወሰደው ፊልም» ብዬ ጻፍኩ። ጎርፉን ከገንዘቡ ጋር ያጋጠምኩት እኔ አልነበርኩም፤ ከሌላ ሰው ቀድቼ ነው። «አንዴም የማያስቅ» ያልኩት ደግሞ ውሸት ነው፤ ምስክሮቼ እናቴና አክስቴ ናቸው። እናቴ ጽሑፉን ማንበብ አትችልም። የጎረቤት ልጅ አነበበላት። በስልክ «እኔ እኮ ስትስቅ አይቼሃለሁ» አለችኝ። ሌላ ነገር አልጨመረችም።

ሁለተኛው ኃጢአቴ በአገሬ ሰው ዓይን ማፈሬ ነው።

«ዘ ደይ ዚ ኧርዝ ስቱድ ስቲል» ማለት ምድር ቀጥ ያለችበት ቀን ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1951 ሮበርት ዋይዝ የሠራው ጥቁርና ነጭ ፊልም ውስጥ ክላቱ የሚባል የሌላ ዓለም መልእክተኛ ዋሽንግተን ይወርድና የሰው ልጅ ጦርነቱን ካልተወ እንደሚጠፋ ያስጠነቅቃል። ኃይሉን ለማሳየትም የዓለምን ኤሌክትሪክ ለግማሽ ሰዓት ያቋርጣል፤ ሆስፒታልና በአየር ላይ ያለ አውሮፕላን ሲቀር። መኪና ይቆማል፣ ፋብሪካ ይቆማል፣ ሕዝቡ ይሸበራል። እ.ኤ.አ. በ2008 ኪያኑ ሪቭስን ይዘው እንደገና ሠሩት፤ ያሁኑ ክላቱ የሚመጣው ምድርን ከሰው ልጅ ሊያድናት ነው፤ ወጪውም 80 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው።

ሁለቱንም ሰቆጣ ውስጥ ከአክስቴ ልጆች ጋር አንዱን ባንዱ ላይ ደርበን አየን። መብራት ሁለት ጊዜ ጠፍቶብን ሁለት ጊዜ ጠበቅን። የድሮው ላይ ዓለም ስትቆም ታናሹ ልጅ «ለምንድን ነው የቆመችው?» አለ። መብራት ጠፍቶ ነው አልነው። «ለስንት ጊዜ?» «ለግማሽ ሰዓት።» ልጁ ዞር ብሎ አየኝ። «ግማሽ ሰዓትማ ጠፋ አይባልም» አለ። ይሄን ብጽፈው ኖሮ የ1951ዱ ፊልም ምን ያህል ለአንድ ዓይነት ኑሮ ብቻ እንደተሠራ፣ ፍርሃቱም ከማን ቤት እንደተነሣ አንባቢ በአንድ መስመር ይገባው ነበር። አልጻፍኩትም። መብራት የሚጠፋበት አገር ልጅ መሆኔ የሂስ ዕውቀቴን የሚያሳንስ መሰለኝ። ስለዚህ ሆሊዉድ አጠገብ እንደተወለደ ሰው «የልዩ ኤፌክት ጋጋታ» ብዬ አለፍኩ።

አዲሱ ፊልም ውስጥ ግዙፉ ሮቦት ተበትኖ እንደ አንበጣ መንጋ ይሆናል፤ መኪና ይበላል፣ ስታዲየም ይበላል። «የተጋነነ» ብዬ ነበር። በ2013 ዓ.ም. መግቢያ ላይ የበረሃ አንበጣ ራያና ቆቦን ሲያለብስ፣ ገበሬው በጅራፍና በቆርቆሮ ጩኸት ማሽላውን ሊያድን ሲሮጥ አየሁ። መጋነኑ የፊልሙ ጥፋት እንዳልነበረ ያን ጊዜ ገባኝ። ጥፋቱ ሌላ ነው፤ መንጋው ብረትና መስታወት ሲበላ በደንብ ያሳያል፣ የአንድን ሰው ምሳ ሲበላ ግን አያሳይም። ለዚህ ነው የማያስፈራው።

እ.ኤ.አ. በ2012 «ቶታል ሪኮል» እንደገና ተሠራ፤ ሌን ዋይዝማን አዘጋጅቶት፣ ኮሊን ፋረል ተውኖበት፣ 125 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጥቶበት። «ነፍስ የለውም» አልኩ። ነፍስ የለውም የሚል ሃያሲ ምን እንደጎደለ ሳያውቅ የቀረ ሃያሲ ነው። የጎደለው ግልጽ ነበር። አዲሱ ፊልም ማርስን ጥሎ ታሪኩን ምድር ላይ አስቀረው፤ ሠራተኛው ከአንዱ የዓለም ጫፍ ወደ ሌላው በምድር ሆድ በሚያልፍ ሊፍት እንዲመላለስ አደረገ። ሊፍቱ ያምራል። አየሩ ግን በነፃ ነው። ቁልፍ የያዘው ሰውዬ የለም። የሰቆጣው ፍየል ሻጭ ይሄን ቢያይ «ታዲያ ምን ተቆልፎባቸው ነው የሚሮጡት?» ይል ነበር። የዚያው የቨርሆቨን ሌላ ፊልም፣ የ1987ቱ «ሮቦኮፕ»፣ በ2014 ሲደገም እኔም የራሴን ጽሑፍ ደገምኩ። ስሙን ብቻ ቀይሬ «ነፍስ የለውም» አልኩ። ተከታይ ክፍል እንዲህ ነው የሚሠራው።

ሦስተኛው ኃጢአቴ ቅናት ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ኤዲ መርፊ ጨረቃ ላይ የምሽት ክበብ የሚያስተዳድር ሰው ሆኖ የተወነበት «ፕሉቶ ናሽ» 100 ሚሊዮን ዶላር ገደማ በልቶ 7 ሚሊዮን አካባቢ ብቻ መለሰ። ዓምዴን ስጀምር ፊልሙ አርጅቶ ነበር፤ እኔ ግን እየቆፈርኩ አወጣዋለሁ። ርዕስ ባጣሁ ቁጥር ፕሉቶ ናሽ አለ። የሀብታም ውድቀት ለድሃ ርካሽ መዝናኛ ነው፤ ትኬት አይጠይቅም። ያው ኤዲ መርፊ ግን በ1988ቱ «ከሚንግ ቱ አሜሪካ» የቪዲዮ ቤታችን ንጉሥ ነበር። ዛሙንዳ የሚባለው አገር እውነት መስሎን ከሱዳን ወዲህ ነው ወዲያ ብለን ተከራክረናል። ያን ያህል ያሳቀኝን ሰው አንድ ጊዜ ሲወድቅ አሥር ጊዜ ረገጥኩት። ምስጋናውን አንድ ጊዜ እንኳ አልጻፍኩም።

አራተኛው ዝምታዬ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 «ክራምብስ» የሚባል በአማርኛ የሚነገር የሳይንስ ልብወለድ ፊልም ወጣ። አዘጋጁ ስፔናዊው ሚጌል ያንሶ ነው፤ ዳንኤል ታደሰ ተውኖበታል፤ ዳሎል ላይ ተቀርፆ ዓለም ካለቀች በኋላ ያለችን ኢትዮጵያ ያሳያል፤ 68 ደቂቃ ብቻ ነው። ሰማይ ላይ የዛገ መርከብ ተንጠልጥሏል፤ የድሮው ዓለም የፕላስቲክ መጫወቻ እንደ ቅርስ ይቆጠራል። አየሁት፤ ወደድኩት ልበል ግራ ተጋባሁበት፣ እስካሁን አልለየሁም። አልጻፍኩም። ለምን ብትሉ፣ ፈረንጅ ምን እንዳለ እስካውቅ እየጠበቅሁ ነበር።

እዚህ ላይ ራሴን ለመከላከል አንድ ነገር ልበል፤ መከላከያው ተመልሶ ይከሰኛል። መድገም በራሱ ኃጢአት አይደለም። ሻደይ በየዓመቱ ከነሐሴ 16 ጀምሮ ይመጣል። ዜማው ያው ነው፤ ከበሮው ያው ነው፤ ወገብ ላይ የሚታሰረው ለምለም ቅጠል ያው ነው። ልጃገረዶቹ ግን በዚያው ዜማ የዘንድሮን ሰው፣ የዘንድሮን ዝናብ፣ የዘንድሮን ገበያ ያስገቡበታል። «ይሄንማ አምና ሰምተነዋል» የሚል ሰው በሰቆጣ አካባቢ፣ በዋግ፣ አልገጠመኝም። የሚደገም ነገር የሚሞተው አዲስ ቃል ሲያጣ ነው። ሸክሙን ጥሎ ጉብጠቱን ሲያስቀር ነው። ይሄን ሁሉ የማውቅ ሰው ነኝ ቀጥዬ የምናዘዘውን ነገር ያደረግሁት።

ፊልም ሲደገም ምን ሊያመጣ እንደሚችልም አውቅ ነበር። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረሃብ ለዓለም አሳየ። መስከረም 1 ቀን 1967 ምሽት ያው ፊልም ከቤተ መንግሥት ድግስ ጋር እየተቀላቀለ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ፤ በማግሥቱ ንጉሡ ከዙፋን ወረዱ። አገራችን ውስጥ እንደገና ተቆርጦ የተቀጠለ ፊልም ይሄን ያህል ሠርቷል። በ1977 ደግሞ ከዋግ የወረደ ሕዝብ ኮረም ሜዳ ላይ ተኝቶ ሳለ የቢቢሲው ማይክል በርክና ካሜራማኑ መሐመድ አሚን መጡ። እነሱ ካሳዩት ሥዕል የተነሣ እንግሊዝ አገር አንድ ዘፈን ተዘፈነ፤ ዘፈኑ እ.ኤ.አ. በ1989፣ በ2004 እና በ2014 ተደገመ። የእኛ ሰው መከራ ተከታታይ ክፍል ካወጣ ቆይቷል። ትርፉን እንደ ፊልሙ አልመዘገብንለትም እንጂ።

በ2008 ዓ.ም. ድርቁ ሲመጣ የአገሪቱ ተረጂ ቁጥር 10.2 ሚሊዮን ደረሰ። ከዚያ በፊት በነበረው ሐምሌ መንግሥት የሕፃናትን መቀንጨር እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ለማስቀረት የገባው ቃል «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ተብሎ ነበር። የከተማዬ ስም ወረቀት ላይ ሲወጣ ካሜራም ተከትሎ መጣ። አንድ የውጭ አገር የቀረፃ ቡድን ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ፈለገ። እኔ ፊልም አውቃለሁ፣ ኽምጠኛ አውቃለሁ፣ እንግሊዝኛ አውቃለሁ። የሦስት ቀን አበሉ ከዓምዴ የሦስት ወር ክፍያ ይበልጥ ነበር።

ወደ ዋግ ዝቋላ ወረድን። በሁለተኛው ቀን ማለዳ አንዲት እናት ቢጫ ጀሪካን በጀርባቸው አዝለው ከወንዙ ዳገቱን ሲወጡ አገኘናቸው። ሃያ ሊትር ሙሉ ነበር። ገመዱ ደረታቸው ላይ ገብቷል። ካሜራማኑ እየሮጠ ተከትሎ ቀረፀ። አዘጋጁ ያየውን አልወደደም፤ ፀሐይዋ ከኋላቸው ሆና ፊታቸው ጨልሟል። «አንድ ጊዜ ይድገሙት በላቸው» አለኝ።

«እማማ፣ ይቅርታ፣ አንዴ ይድገሙት» አልኳቸው። በትሕትና ነው ያልኩት። ተመለሱ። ዳገቱን ወርደው ከነጀሪካናቸው ወጡ። በዚህኛው ደግሞ አንድ ፍየል በካሜራው ፊት አለፈ። «አንዴ ብቻ፣ የመጨረሻ ነው፤ ይድገሙት።» እማማ ጀሪካኑን አወረዱ። ልጆች መጥተው ነበርና ከውሃው አጠጧቸው፤ የቀረውንም ለአንዲት ጎረቤታቸው ማሰሮ ውስጥ ገለበጡት። ባዶውን መልሰው አዘሉ።

ባዶ ጀሪካን ያዘለ ሰው አይጎብጥም። ቀጥ ብለው፣ ቀልጠፍ ብለው መውጣት ጀመሩ። አዘጋጁ በእጁ ምልክት ሰጠኝ፤ ምልክቱን ለመተርጎም ቋንቋ አያስፈልግም ነበር።

«እማማ፣ ጎንበስ ይበሉ» አልኳቸው።

ቆሙ። ትክ ብለው አዩኝ፤ ካሜራውን አላዩም፣ ፈረንጁን አላዩም። «ልጄ፣ ሙሉውን ይዤ ስወጣ አላያችሁኝም እንዴ?» አሉ። ከዚያ ጎንበስ ብለው ወጡ።

አዘጋጁ ምን እንዳሉ ጠየቀኝ። «እሺ ነው ያሉት» ብዬ ተረጎምኩ።

ዓምዴ እስኪዘጋ ሁለት ዓመት ቀርቶት ነበር፤ በሁለቱም ዓመት አዲስ አበባ ተቀምጬ፣ ሆሊዉድ ክብደቱን ጥሎ ክብደት እንደሚያስመስል፣ ባዶ ዕቃ ተሸክሞ እንደሚያቃስት እየጻፍኩ ተከፈለኝ። አንባቢ አጨበጨበልኝ። ያ የቪዲዮ ቤት ተርጓሚ ያላወቀውን ፈጠረ፤ እኔ ያወቅሁትን ደበቅሁ። የእማማን ጥያቄ እንደወረደ ብተረጉመው ኖሮ ከጻፍኳቸው ሂሶች ሁሉ የሚበልጥ ሂስ ይሆን ነበር፤ ያውም ሊሰማ የሚችል አዘጋጅ ፊት። ያን ቀን በዚያ ቦታ ሂስ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ስሙ በዓምዱ አናት ላይ የሚታተመው አልነበረም።

ፊልሙ በኋላ ደረሰኝ። እማማ የሚታዩት ለጥቂት ሰከንድ ነው። ሦስተኛው ነው የገባው።

አባ «የሰማህን ሰው ፈልግ» ያሉኝ ጊዜ ይሄን አልነገርኳቸውም ነበር። ከክፍል አንድ ኑዛዜዬ ቆርጬ ያስቀረሁት ይሄን ነው። አንባቢዎቼ ሰሙኝ፤ እናቴ ሰማችኝ፤ ግን ቃሌን ሰምቶ በጀርባው የታዘዘኝ አንድ ሰው ብቻ ነው። ሻደይ እንዳለፈ ወደ ዝቋላዋ ከተማ ፅፅቃ መኪና ተሳፈርኩ። ከዚያ በእግር ወረድኩ። ዳገቱን አገኘሁት። ወንዙም ያው ነው፤ ወደ ታች ትንሽ ሸሽቷል። ጥላ ሥር አንድ ጎልማሳ ፍየል ሲጠብቅ አገኘሁና በኽምጠኛ ሰላም ብዬ ጠየቅሁት፤ በ2008 ድርቅ ጊዜ ውሃ ተሸክመው ሲወጡ ፈረንጆች የቀረፇቸው እናት ቤት የት ነው?

«የትኛዋ?» አለኝ። «እዚህ ውሃ ይዛ ያልተቀረፀች እናት የለችም።»

ዳገቱን ሦስት ጊዜ ያስወጧቸው አልኩት። እሱንም ብዙዎቹን ነው አለ። ረጅም ናቸው አልኩ፤ ገመዱ ደረታቸው ላይ ገብቶ ነበር አልኩ። ሰውየው ሊረዳኝ ፈልጎ ድንጋዩ ላይ ቦታ ለቀቀልኝ።

«ስማቸው ማን ነው?» አለ።

አልጠየቅኋቸውም ነበር።